የወንዝ ዳር እድር

አስካለችና ባሏ ዓብዩ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ የተከራዩት ሱቅ ጀርባውን ለአንድ ትንሽ ወንዝ ሰጥቶ የቆመ ነው። ወንዝ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። በደረቁ ወራት በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት፣ ዳይፐርና የመኪና ጎማ፣ የፈረሰ ቤት ጡብና የሞተ ውሻ የሚጣልበት ቦይ ነበር። ሽታው ሲብስ ዓብዩ በረኪና ይረጫል፤ አስካለች በሩን ትዘጋለች። ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ ያለን ሁሉ ከጀርባችን እንዲህ ያለ ነገር አለን፤ ግን አናየውም። ዓይናችን ፊት ለፊት፣ ከብረት ፍርግርጉ ወዲያ የቆመው ደንበኛ ላይ ነው። ዳቦ፣ የስልክ ኤርታይም፣ ነጠላ ሲጋራ፣ «ሳውቦና» ብሎ ሰላምታ፣ «ንጊያቦንጋ» ብሎ ምስጋና፣ ከዚያ ቀጣዩ ሰው።

እኔ ታፈሰ እባላለሁ፤ ሱቄ ጎረቤት ሰፈር፣ ቮስሎሩስ ነው። አስካለችን የማውቃት በእድራችን ነው። በየወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ከተማው ውስጥ ሮዘተንቪል እንሰበሰባለን። ሰው ሲሞትብን አስከሬኑን አገር ቤት እንልካለን፤ ለቅሶ እንቀመጣለን። ዓብዩ ሁልጊዜ ቀድሞ መጥቶ ወንበር የሚደረድር፣ ሳቁ ከመንገድ የሚሰማ ሰው ነበር። አስካለች ግን ዝምተኛ ናት። የመጣችው ከዱራሜ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ዓብዩ ቀድሞ መጥቶ ከስድስት ዓመት በኋላ አስመጣት። ልጃቸው ቤተል እዚሁ ተወልዳ፣ ሮዘተንቪል አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች።

የዛሬ አምስት ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የጆሃንስበርግ ዝናብ ሲመጣ አያስታውቅም። መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ ቆርቆሮ የሚበሳ በረዶ፣ ከዚያ ውሃ። ከሱቁ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ወንዙን በሚሻገርበት ቦታ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። የዚያን ቀን አንድ የተጣለ ፍራሽ ቱቦው አፍ ላይ ተወተፈ፤ ጎማውና ቅርንጫፉ ከላዩ ተከመረበት። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ግቢዎቹ ተመለሰ። የግቢው ባለቤት ማ ዴሊዌ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የዙሉ እናት ናቸው፤ ክፍላቸው ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ዓብዩ እሳቸውን አዝሎ አምጥቶ የሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ የብረት ዘንጉን አነሣ።

«ወዴት ነው?» አለችው አስካለች።

«ፍራሹን ብነቅለው ውሃው ይሄዳል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

ፍራሹን ነቀለው። አስካለችም ማ ዴሊዌም በመስኮት አይተዋል። ሲነቀል ግን ተጠራቅሞ የነበረው ውሃ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሄደ፤ ዓብዩ የቆመበትንም አፈር ይዞ ሄደ። አስካለች ሰማያዊ ጃኬቱን አየች። ቀጥሎ ጃኬቱንም አላየችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ታች ርቆ፣ ላስቲክና ጭራሮ በተቆለለበት ጥግ ተገኘ። ያነሣነው እኔና የእድሩ ሰብሳቢ አቶ በርናባስ ነን። ከፊቱ ላይ የቺፕስ ላስቲክ የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ለአስካለች አልነገርኳትም።

እድሩ አስከሬኑን ወደ ዱራሜ ላከ። አስካለች አብራው መሄድ አልቻለችም። የመኖሪያ ፔፐሯ የጥገኝነት ስለሆነ አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም፤ ልጇ ደግሞ እዚህ ናት። ኤርፖርቱ የጭነት መግቢያ ላይ ቆማ ሳጥኑ በጋሪ ሲገባ አየች፤ በሩ ተዘጋ። የባሏን መቃብር የምታውቀው በስልክ ከተላከላት ፎቶ ነው።

ሁላችንም ሮዘተንቪል እንድትገባ ለመንናት። ሱቁን ለሌላ ሰው እንድትለቅ፣ ከልጇ ጋር እንድትሆን።

«መጨረሻ የቆመው እዚህ ነው» አለች።

ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ሱቁን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እሑድ መጥታ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፤ ጸሎት ሲያልቅ ትሄዳለች። ቤተል አንድ ቀን «እማ ሌላ ሰው ሆናለች፤ ላይክ፣ ታወራኛለች ግን የለችም» አለችኝ።

በሦስተኛው ዓመት ጁላይ ውስጥ፣ አስካለች የእቃ እጣቢ ልትደፋ ወደ ጀርባ ስትወጣ ወንዙ ውስጥ ሰው አየች። አንዲት አጭር አሮጊት፣ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ደፍተው፣ ቦቲ ጫማ አጥልቀው፣ አፏ እንደ ቅጠል ሾል ባለች ትንሽ መኮትኮቻ ከጭቃው ውስጥ ላስቲክ እየፈለፈሉ በማዳበሪያ ጆንያ ይከታሉ። አስካለች ከሁለት ዓመት ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር።

«ይውጡ!» ብላ በምታውቀው ዙሉ ጮኸች። «ከዚያ ውስጥ ይውጡ! ይህ ውሃ ሰው ይገድላል!»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። «አውቃለሁ» አሉ። «ሰምቻለሁ። ስሙን ግን የነገረኝ የለም። ማን ይባል ነበር?»

አስካለች ኋላ እንደነገረችኝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዴት እንደሞተ ጠይቋት ነበር፤ ስሙን የጠየቃት አልነበረም።

«ዓብዩ» አለች።

«ዓብዩ» አሉ ሴትዮዋ፣ ፊደሉ እየከበዳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ውሃው ጎንበስ አሉ። ጥቂት እንደዚያ ቆዩና ባርኔጣቸውን መልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጎጎ ሱንጃ ይሏቸዋል። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ሱንጃ የኮሪያ ስማቸው ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከፓስተር ባላቸው ጋር መጥተው፣ ባላቸው ካረፉ በኋላም አገራቸው አልተመለሱም። ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ የሕፃናት ማቆያ አላቸው። ከማዶ ያሉ ልጆች በየጠዋቱ ያንን ቦይ ረግጠው ነው የሚመጡት፤ ግማሾቹ ሆዳቸውን ይታመማሉ። ጎጎ ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ጽፈው መልስ ሲጠፋ ቦቲ ገዙ።

አስካለች ወዲያው አልረዳቻቸውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ጠርሙስ ውሃ አጥሩ ላይ ታስቀምጥላቸው ጀመር። ወደ ታች መመልከት የጀመረችው፣ አሮጊቷ እንዳይወድቁ ስትል ነው።

ኦገስት ላይ ማቆያው ዳቦ አዘዘና ራሷ ይዛ ሄደች። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር፣ ዘጠኝ ጥቁር ቡናማ ጋኖች ተደርድረዋል። አንዳንዱ እስከ ወገቧ ይደርሳል። የአንደኛው አንገት በሳር ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ላይ ቀይ በርበሬና የከሰል ቁራጭ ተሰክቶበታል። ጎጎ በእርጥብ ጨርቅ የጋኖቹን ሆድ አንድ በአንድ እየወለወሉ ነበር።

«ምን አለበት?» አለች አስካለች።

«አኩሪ አተር። ቀቅለን፣ ወቅጠን፣ እንደ ጡብ ጠፍጥፈን እናደርቀዋለን። ሲሻግት በጨው ውሃ እዚህ ውስጥ እንከተዋለን። ከዚያ መጠበቅ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ይሄኛው ስድስት ዓመቱ ነው። ሸክላው ይተነፍሳል፤ ለዚህ ነው የምወለውለው። አቧራ ከደፈነው ያፍነዋል።»

«ገመዱስ?»

ጎጎ ሳቅ አሉ። «ድሮ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርበው ብለው ነው የሚያስሩት። ባሌ አይወደውም ነበር። እኔ እናቴ ስታስር እያየሁ ስላደግሁ አስራለሁ። ለሚያልፍ ሰው፣ እዚህ ውስጥ ገና ያልደረሰ ነገር አለ፣ ቀስ ብለህ እለፍ ለማለት ነው።»

አስካለች የእናቷን ጓሮ አስታወሰች። እንሰቱ ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር፣ እናቷ ድንጋይ ስትጭንበት፣ ልጆች በላዩ እንዳይሮጡ ስትቆጣ። ይህን ለጎጎ ነገረቻቸው። ስለ ዱራሜ ለሰው ካወራች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበር።

«ወራት እናቆየዋለን። ከቆየ ቆጮው የተሻለ ነው።»

«ይሸታል?» አሉ ጎጎ በቁም ነገር።

«በጣም።»

«እንግዲያው ጥሩ ምግብ ነው።»

የዚያን ቀን በጋኖቹ አጠገብ፣ በሁለት የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው ብዙ አወሩ። ጎጎ ሱንጃ የተወለዱት የኮሪያ ጦርነት በጀመረበት ዓመት ነው። ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በመንደራቸው በኩል ሲያልፉ እናታቸው እሳቸውን አዝለው ቆመው አይተዋል።

«የእናንተ ሰዎች ያዩት ኮረብታ ቀይ ነው» አሉ። «አንድም ዛፍ አልነበረበትም። ከጦርነቱ በፊት ተቆርጧል፣ በጦርነቱ ተቃጥሏል፣ ከጦርነቱ በኋላ የቀረውን ጉቶ እኛ ለማገዶ ቆፍረን አወጣነው። ዝናብ ሲመጣ ኮረብታው ራሱ ወደ ቤታችን ይወርዳል። የእኔ ታላቅ እህት በእንደዚያ ዓይነት ቀን ነው የሞተችው። ከትምህርት ቤት ስትመጣ።»

አስካለች ቀና ብላ አየቻቸው። ጎጎ ጨርቁን እየጨመቁ ነበር።

«አሁንስ ኮረብታው?»

«አሁን ከመንደሩ ሆነሽ ጫፉ አይታይሽም። ጥድ ነው። በስንት ዓመት! ተማሪ ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ያስወጡን ነበር፤ ችግኝ ይዘን፣ የሳር ዘር በጣሳ ይዘን። ትል ቅጠሉን ሲበላው እኛው በእንጨት ቆንጥጠን እንለቅማለን። የመጀመሪያው ደረቀ። ሁለተኛውን ጎርፍ ወሰደው።» ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «አያቴ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረውን ያውቁ ነበር። መንደራችን የጥድ ማኅበር ነበረው። ጫካውን በጋራ ይጠብቃሉ፤ ማን መቼ ማገዶ እንደሚለቅም፣ ማን እንደሚተክል ይመካከራሉ። ለሰርግም ለቀብርም የሚደርሱት እነዚያው ሰዎች ናቸው።»

«እድር ነው» አለች አስካለች።

«እድር ምንድን ነው?»

«ሰው ሲሞት የሚቀብር ማኅበር።»

ጎጎ አሰቡበት። «የእኛው ደግሞ ጫካው እንዳይሞት የሚጠብቅ ነበር።»

በማግሥቱ አስካለች ጓንት አድርጋ ወንዙ ውስጥ ገባች። የመጀመሪያው እርምጃ እንዴት እንደነበር ጠይቄያት ነበር። «ቀዝቃዛ» ነው ያለችኝ።

ሴፕቴምበር ላይ ጎጎ ሱንጃ ማጭድና መጥረጊያ አሲዘው መቃብር ቦታ ይዘዋት ሄዱ። በአገራቸው ልማድ የመኸር በዓል ከመድረሱ በፊት ቤተሰብ ሁሉ ወጥቶ የዘመዶቹን መቃብር ሳር ያጭዳል። «እዚያ መኸር ነው፤ እዚህ ገና ዝናቡ አልጀመረም። እኔ ወሩን ነው የምከተለው» አሉ። የፓስተሩን መቃብር የሸፈነውን ደረቅ ሳር ጎጎ በማጭድ እየቆረጡ፣ አስካለች እየሰበሰበች ጨረሱ። ጎጎ ሁለት ፖምና ትንሽ የሩዝ ኬክ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ማጭዱን ለአስካለች ሰጧት።

«ይሄኛው ሰው የለውም» አሉ፣ አጠገቡ ያለውን ስሙ የጠፋ መቃብር እያሳዩ። «የሰውሽ መቃብር ሩቅ ነው። እዚህ አጭጂለት።»

አስካለች ተንበረከከች። ጥቂት እንዳጨደች እጇ ቆመ፤ ማልቀስ ጀመረች። አስከሬኑ በተገኘበት ዕለት፣ በኤርፖርቱም ያላለቀሰችው ልቅሶ ነው። ጎጎ አላባበሏትም። ትንሽ ራቅ ብለው ሳሩን እየሰበሰቡ ጠበቋት። ስትጨርስ ማጭዱን አንሥታ የቀረውን አጨደች።

ኦክቶበር ሲገባ መሬቱ ከቆሻሻው ትንሽ ጸዳ፤ ጎጎም ሃያ የአኻያ ችግኝ ገዝተው መጡ። ይህን ጊዜ ማ ዴሊዌ ከክፍላቸው ወጥተው አጥሩ ላይ ተደገፉ።

«ዛፍ ነው የምትተክሉት?»

«አዎ» አለች አስካለች።

«እዚህ ዛፍ አልነበረም። ያ ከማዶ የሚታየው ባሕር ዛፍ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ነጮቹ ለማዕድን ጉድጓዳቸው ድጋፍ ብለው ያስተከሉት። ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰው። ልጅ ሆኜ እዚህ የማውቀው ሳርና ሸምበቆ ነው። ሸምበቆ እየቆረጥን ግቢ እናጥር ነበር። ከቄጠማው ምንጣፍ እንሠራለን። በዝናብ ጊዜ ሸምበቆው ላይ እንደ ፍም የቀላ ወፍ ይሰፍርበታል።»

ጎጎ ሱንጃ ችግኞቹን ተመለከቷቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ደኅና አገር ማለት በዛፍ የተሸፈነ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ለማ ዴሊዌ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ፤ የዚያኑ ቀን ችግኞቹን ወደ ገዙበት መለሱ። በማግሥቱ ሦስቱ ሴቶች በጎረቤት ባኪ፣ ጀርባዋ ክፍት በሆነች የጭነት መኪና፣ ወደ አንድ ያልተነካ ረግረግ ሄደው፣ ማ ዴሊዌ እየመረጡ፣ የሸምበቆና የቄጠማ ሥር ቆፍረው አመጡ።

ሥራው ግን ለሦስት ሴቶች የሚሆን አልነበረም። በወሩ መጨረሻ እሑድ አስካለች በእድሩ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ አቶ በርናባስ ደንግጠው «እህት አስካለች፣ ደኅና ነሽ?» አሏት።

ተነሥታ የፈለገችውን ተናገረች፤ በየቅዳሜው አሥር ሰው፣ ለግማሽ ቀን፣ ወንዙን ለመጥረግና ሸምበቆ ለመትከል። አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ።

«እኛ የሰው አገር ወንዝ ልንጠርግ ነው የመጣነው?» አለ ከፊት የተቀመጠ እዮኤል የሚባል ባለ ሱቅ። «ነገ ተነሥተው ውጡልን ለሚሉን? ደግሞስ እድር ማለት ለሞት ነው፤ ለወንዝ አይደለም።»

«ለሞት መሆኑን አውቃለሁ» አለች አስካለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ባሌን ሸኝታችሁልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን የምጠይቃችሁ እዚያ ቱቦ አፍ ላይ ሌላ ሰው እንዳይሞት ነው። የሰው አገር ወንዝ ነው አላችሁ። ሁለት ወር ሙሉ በእጄ ስለቅመው የነበረው ግን የእኛው ነው። የቺፕሱ ላስቲክ፣ የዳቦው ከረጢት፣ የኤርታይሙ ካርድ። ይህ ከማን ሱቅ ወጣ? ከእኔ። ከእዮኤል። ከሁላችን።»

እኔ እጄን እያየሁ ነበር፤ ከዓብዩ ፊት ላይ ያንን ላስቲክ የገፈፈውን እጄን። ቅዳሜ እንደምመጣ ስናገር ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። አቶ በርናባስ «እኔም» አሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስት ሆነን ሄድን። እዮኤል አልነበረም።

የሰፈሩ ሰው ቆሞ አየን። አንዱ ወጣት ምን ቀብራችሁበት ነው የምትፈልጉት ብሎ ቀለደብን። ማ ዴሊዌ በዙሉ የመለሱለት ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ጎረቤቶቹ ግን ሳቁ፤ እሱም አካፋ ይዞ ተመለሰ። በአራተኛው ቅዳሜ ከእኛ ይልቅ የሰፈሩ ሰው በዛ። ጎማውን አወጣን፣ ጡቡን በዳርና ዳር ደረደርነው፣ ሥሩን በጭቃው ውስጥ ከተትን። ጎጎ ሱንጃ አንዱ ቆሞ ሲያዩት ያቺን ትንሽ መኮትኮቻ ያስይዙታል። ቤተልም በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር፤ እናትና ልጅ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው ሲጨቃጨቁ ስሰማ ደስ አለኝ።

ዲሴምበር ላይ ዝናቡ ወረደና ከተከልነው ግማሹን ነቅሎ ወሰደው። ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ የማይታወቅ መኪና መጥቶ አንድ ሙሉ ጭነት የቤት ፍርስራሽ፣ አፈርና ድንጋይ ሸምበቆው ላይ ገልብጦ ሄደ። በዚያ ቅዳሜ ስንደርስ አስካለች ክምሩ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ሳየው ሁለቱ የድሮ ዓመታት የተመለሱ መሰለኝ።

«በቃ» አለች። «ታፈሰ፣ በቃኝ።»

ጎጎ ሱንጃ ጉልበታቸው እየከዳቸው በዝግታ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እኛ ስንት ጊዜ እንደተከልን ታውቂያለሽ?» አሉ።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። አባቴ ተከሉ፣ ደረቀ። እኔ ተከልኩ፣ ተወሰደ። የታናሽ ወንድሜ ክፍል ተማሪዎች የተከሉት ነው የያዘው። እሱ በሥራው ይኮራል፤ እኔም እንዲኮራ እተወዋለሁ።» «ያልደረሰ ነገር እንደሞተ ይመስላል፣ አስካለች። ክዳኑን ከፍቶ ለሚያየው ሁሉ ሻጋታ ነው።»

አስካለች ተነሣች። ከዚያ ከድንጋዩ አንዱን አንሥታ ለእኔ አቀበለችኝ፤ እኔ ለአቶ በርናባስ፣ እሳቸው ከኋላቸው ለቆመው ወጣት። ክምሩን ለማንሣት አምስት ቅዳሜ ፈጀብን። በሦስተኛው ቅዳሜ እዮኤል ባኪውን ይዞ መጣ። ሰላም ብሎን መጫን ጀመረ፤ ስለ ስብሰባው እሱም አላነሣም፣ እኛም አላነሣንም።

በሁለተኛው ዓመት ሸምበቆው ከሰው ቁመት በለጠ። በኖቬምበር ማ ዴሊዌ አስካለችን ከሱቋ ጠርተው በጣታቸው አሳዩአት። ሸምበቆው ጫፍ ላይ፣ ጀርባውና አንገቱ እንደ ፍም የቀላ፣ ደረቱ ጥቁር የሆነ ትንሽ ወፍ ላባውን ነፍቶ ይወዛወዛል። ማ ዴሊዌ ከአምሳ ዓመት በላይ አላዩትም ነበር። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

ባለፈው ዲሴምበር ትልቁ ዝናብ መጣ። ሱቄን ዘግቼ በታክሲ በረርኩ፤ ስደርስ ግን መንገዱ ላይ ውሃ አልነበረም። አስካለች ጃንጥላ ይዛ ከግቢው ጀርባ ቆማለች። ወንዙ ሞልቷል፣ ቡናማ ሆኖ ይጮኻል። ግን ሸምበቆው ውስጥ ሲገባ ኃይሉ ይበርዳል፤ በቄጠማው ላይ ይዘረጋል፤ ይዞት የመጣውን ቆሻሻ ግንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይተዋል። ቱቦው አፉን ከፍቶ ያሳልፈዋል። ውሃው እስከ ማ ዴሊዌ ደጃፍ ደርሶ ቆመ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መመለስ ጀመረ። አስካለች ሁሉንም ቆማ አየች። ይበርዳታል ብዬ ጃኬቴን ሰጠኋት። ተቀበለችኝ።

«ቢኖር እዚያ ቆሞ ይስቅ ነበር» አለችኝ። የዓብዩን ነገር ራሷ አንሥታ ስትነግረኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

ውሃው ንጹሕ ሆኗል አልልም። ከላይ ካሉት ሰፈሮች ቆሻሻው አሁንም ይመጣል፤ ሰኞ ሰኞ ከሸምበቆው ላይ ላስቲክ መልቀም አለ። ጎጎ ሱንጃ ጉልበታቸው ስለማይታዘዛቸው ዳር ላይ የላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ነው የሚያዙን። እድራችን በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሯል፤ በወር አንድ ቅዳሜ የወንዝ ሥራ፣ የታመመና ሐዘን ላይ ያለ ሲቀር ሁሉም ይገኛል። አስካለች ፔፐሯ ገና አልተስተካከለም። ዱራሜ መቼ እንደምትሄድ አታውቅም፤ የባሏን መቃብር ሳር እዚያ ያለ ወንድሟ እንዲያጭድ በየሴፕቴምበሩ ትደውልለታለች።

ባለፈው ወር ከወንዙ ላይኛው ጫፍ፣ ከቆርቆሮ ሰፈሩ ሦስት ሴቶች ወርደው ሱቋ ደጅ ቆሙ። ዕቃ ሊገዙ መስሏት «ሳውቦና፣ ምን ልስጣችሁ?» አለች።

«ያንን ሳር እንዴት እንደምታደርጉት ልንጠይቅ ነው» አሉ። «ውሃው እኛም ቤት ይገባል።»

«ጓንት አላችሁ?»

«የለንም።»

«እኛ አለን። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ኑ።»

የመጡት ሰባት ሆነው ነው።